የጋሼ ትንፋሽ

እዚያ ክፍል ስገባ መጀመሪያ የተቀበለኝ ብርዱ ነው። ውጭው ቴክሳስ ነው፣ ይነዳል፤ ውስጡ ግን ኤሲው አጥንት ይሰብራል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ ነው። አገሬ በፖለቲካ አስረው ገርፈውኛል፤ አምልጬ ዳላስ ኤርፖርት ጥገኝነት ብጠይቅ፣ ፎርት ዎርዝ አጠገብ ካለ እስር ቤት ወረወሩኝ። ከድጡ ወደ ማጡ!

ክፍሉ ውስጥ አንድ አበሻ አገኘሁ፤ ስልሳን የተሻገሩ፣ እንደኔው ጥገኝነት ጠያቂ። ጋሼ አልኳቸው። የስኳር በሽተኛ ናቸው፤ ሲገቡ ኢንሱሊናቸውን ከነመርፌው ቀምተዋቸዋል። ሐኪም ያይዎታል ተብለው ይጠብቃሉ። ማን ሊያያቸው!

አንድ ጠዋት ውሃ ቢጠጡ ቢጠጡ አልረካ አሉ። አስመለሳቸው፤ ትንፋሻቸው ጥልቅና ፈጣን ሆነ፤ አፋቸው ተብላልቶ የኮመጠጠ ፍራፍሬ ይሸታል። ዩኒቨርሲቲ ያጠናሁት ባዮኬሚስትሪ ነውና ክው አልኩ። ስብን የሚሰባብረውን ኢንዛይም እንደ ልጓም የሚገታው ኢንሱሊን ነው። ልጓሙ ሲበጠስ፣ ደሙ በስኳር ተጥለቅልቆ ሴሉ ይራባል፤ ስቡ ያለ ገደብ ይነዳል፤ ከዚያ የሚወጣው ኬቶን ደሙን ይመርዘዋል። ሽታው የሱ ነበር። ጋሼ እየሞቱ ነው።

በሩን ደበደብኩ። ዘበኛው ገብቶ ጋሼን አሸተተና ፊቱ ተለወጠ። እዚያ እስረኛው ብርቱካንና ዳቦ በፌስታል አብላልቶ ይሰክራል፤ ያ መሰለው።

"ወይኑን የት ደበቃችሁት?" ብሎ ጮኸ።

ጋሼ ሊነሱ ሲንገዳገዱ ጉልበታቸውን በዱላ መታቸው። ወደቁ። ጎናቸውን በጫማው ረገጣቸው፤ አጥንታቸው ሲሰበር ሰማሁ።

ላያቸው ላይ ተደፋሁ። ዱላው አፌ ላይ አረፈ፤ ጥርሶቼ ምላሴ ላይ ተንከባለሉ። የሚገርመው፣ "ተወን" የሚለው እንግሊዝኛ ድራሹ ጠፋኝ፤ የዩኒቨርሲቲው ትምህርት ግን አልጠፋኝም። "ኬቶን! ኖ ኢንሱሊን!" እያልኩ ደም ተፋሁ። ደገመኝ።

ጋሼ ከሥሬ ሆነው፣ "ልጄ፣ እኔ ቤተስኪያን የማገለግል ሰው ነኝ። አልጠጣም በልልኝ" አሉ። ሞት ደጃቸው ቆሞ የሚያሳስባቸው ይሄ!

ተነሳሁና አፌን ዘበኛው አፍንጫ ሥር ከፈትኩ።

"ስሜል!" አልኩት፣ አሽትተኝ ለማለት፤ እንግሊዝኛው ተመለሰልኝ። "አንድ ክፍል ነን። ወይን ካለ የኔም ይሸታል።"

ደም እንጂ ሌላ አልሸተተውም። ዱላውን ዝቅ አድርጎ ነርስ ጠራ። ነርሷ ጣታቸውን ወጋች፤ ስኳራቸው ከመለኪያው በላይ ሆኖ መሣሪያው ቁጥር አልሰጥ አላት። ዘበኛውን ገፍትራ ለእርዳታ ሮጠች።

ቃሬዛው ሲመጣ ሱሪያቸውን አስተካከልኩላቸው፣ አፋቸውን በእጅጌዬ ጠረግኩላቸው። እንደ ሰው ይውጡ ብዬ ነው። አልተመለሱም፤ ሆስፒታል ሞቱ ተባለ። ኮሪደሩ ላይ ግን ዘበኞቹ "ያ ሰካራም" ሲሏቸው ሰማሁ።

ዛሬ ዳላስ ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ እሠራለሁ። ፖሊስ "ሰክሯል" ብሎ ሰው ባመጣ ቁጥር፣ "ቅድሚያ ስኳሩን ቼክ አድርጉ" እያልኩ ነርሶቹን አሰለቻለሁ። ይሰልቹ!

ስስቅ የወለቁት የፊት ጥርሶቼን ክፍተት አይቶ "ምን ሆነህ ነው?" የሚለኝ አይጠፋም። ሁሌም መልሴ አንድ ነው።

"ጋሼ አልጠጡም ነበር" እለዋለሁ።