በቃሬዛ የመጣው ሞተር

በእኛ አገር «እገሌ ሞተር አለው» ከተባለ ውሃ መሳቢያ አለው ማለት ነው። በሁለት ጎማ የሚሄደውን ሞተር ሳይክል እንለዋለን፣ ወፍጮውን ወፍጮ እንለዋለን። ሞተር የምንለው ከጉድጓድ ውሃ ስቦ ማሳ ላይ የሚተፋውን ብቻ ነው። ከሮቢት ወደ ዞብል ተራራ በሚዘረጋው ሜዳ ላይ አንድ ጎረምሳ ሽማግሌ ሲልክ የልጅቷ ዘመዶች መጀመሪያ የሚያጣሩት ሞተር እንዳለውና እንደሌለው ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ የመጣብን ሁሉ የመጣው በዚህ በአንዱ ቃል ስለሆነ ነው። እውነቱን ለመናገር ለራሴም ትንሽ ማስተባበያ እንዲሆነኝ ነው።

እኛም ሞተር ነበረን። በጦርነቱ ጊዜ ቤት ዘግተን ሸሽተን ስንመለስ በቦታው የጠበቀን መሬት ላይ የቀረ የዘይት ጠብታ ነው። ማን እንደወሰደው አልጠየቅንም። ማን ተብሎ ይጠየቃል?

እናታችን ካረፈች ወዲህ ሦስት ነን፤ አባቴ፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ። እኔ ቆቦ ከተማ አስተምራለሁ። ወንድሜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልሆን ብሎት ወደ ማሳው ተመለሰ። ጓደኞቹ በአፋር በኩል አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም ባሕር ተሻግረው ወደ ሳዑዲ አንድ በአንድ ሲሄዱ እሱ ወደኋላ አለ። ሽንኩርት ተከለ። በተዋሰው ሞተር እያጠጣ ሽንኩርቱን እስከ ጉልበቱ ካደረሰው በኋላ ባለሞተሩ የራሱ ማሳ ሲጠማበት መጥቶ ወሰደበት። አልፈርድበትም፣ ሁላችንም እንደዚያ እናደርጋለን። ጉድጓዳችን ውሃ አላጣም፤ ግን ጥልቅ ነው፣ በባልዲ እየጎተቱ ያን ሁሉ የሽንኩርት መደብ ማጠጣት ዘበት ነው።

አንድ ቅዳሜ ለእረፍት ብመጣ ወንድሜ ከመደቡ ጫፍ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ቀና ሳይል «እታለም» አለኝ። «ይኼ ሽንኩርት ከያዘልኝ የትም አልሄድ። ካልያዘልኝ ግን እንዳትለምኝኝ።»

በዚያው ሰሞን ቆቦ ውስጥ አንድ የፕሮጀክት ቢሮ ሊዘጋ ነው፣ በመጋዘኑ ያለውን ዕቃ ለገበሬ በዕጣ ሊያከፋፍል ነው ተባለ። አባቴ ነጭ ጋቢውን ለብሶ፣ ለዒድ እንደሚወጣ ሰው ተስተካክሎ መጣ። እኔም ከትምህርት ቤት አስፈቅጄ አብሬው ቆምኩ። ከጣሳ ውስጥ አንዲት ጥቅልል ወረቀት አወጣና ማንበብ ስለማይችል ለእኔ ሰጠኝ። «የውሃ ሞተር፣ አንድ» ትላለች። ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ወረቀቷን ተቀብሎ ሳማትና እየሳቀ «አልሐምዱሊላህ» አለ። እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ዓመታት አልፈዋል።

ከአጠገባችን የቆመው የጎብዬ ሰው በእግር የሚረገጥ ፓምፕ ደርሶት አኩርፏል። «አባባ፣ እንለዋወጥ በሞቴ። እኔ የሚያስረግጥ ጉልበት የለኝም» አለው አባቴን። አባቴ ትከሻውን መታ መታ አደረገና «አንተ ሰው፣ ጤና የለህም እንዴ!» ብሎ ሳቀበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ሌላ አንድ ሰውዬ ትልቅ የጎማ ሸራ ደርሶት እያገላበጠ ያየው ነበር። ለአውድማ ምንጣፍ ይሆነኛል አለ።

መጋዘን ገብተን ሞተሩን አየነው። ከእንጨት መቆሚያ ላይ ተሰቅሏል። ትልቅ ራስ አለው፣ ከራሱ ሥር ረጅም አንድ እግር ይወርዳል፣ ከእግሩ ጫፍ ሦስት ክንፍ ያለው ብረት አለ። እንደዚያ ያለ ሞተር አይቼ አላውቅም። የመጋዘኑን ሰው «ይኼ ክንፉ ምን ያደርጋል?» አልኩት።

«ውሃውን የሚገፋው እሱ ነው» አለኝ፣ እያዛጋ። አልዋሸኝም። ፈርመን ወሰድን።

ክብደቱ አይጣል ነው። አራት ሰው ተጋግዞ ባጃጅ ላይ ሲጭነው ባጃጇ ወደ ጎን ዘመመች። ባለባጃጁ እስከ ሮቢት ድረስ አጉረመረመ፣ ከአስፋልቱ ወርደን አሸዋው ወንዝ ዳር ስንደርስ ደግሞ ጭራሽ አቆመ። በበጋ ውሃ የሌለው፣ ጎማ የሚውጥ አሸዋ ብቻ የሆነ ወንዝ ነው። የአህያ ጋሪ አስመጣን፤ ጋሪው አሥር እርምጃ ሳይሄድ እስከ ዘንጉ ሰመጠ። ወንድሜና ሁለት ጎረቤቶቻችን ከወዲያ ማዶ መጥተው በእጅ ሊያነሱት ሞከሩ። ብረቱ መያዣ የለውም፣ በአንድ በኩል ሲነሳ በሌላው ይንሸራተታል። አንዱ ጎረቤት ጣቱን ተቆነጠጠና እየረገመ ተቀመጠ።

«ቃሬዛ አምጡ» አለ አባቴ።

ቃሬዛው የቅሬያችን ነው። ቅሬ ማለት በወሎ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ላይ የሚቀባበርበት የሰፈር ማኅበር ነው፤ ቃሬዛው በሽተኛም ሬሳም ይወጣበታል፣ ለሌላ ነገር አይነካም። ወንድሜ የቅሬውን ዳኛ ሊያስፈቅድ ሄደ። ዳኛው ራሳቸው ከቃሬዛው ጋር መጡ። ሞተሩን አዩት፣ አባቴን አዩት። «ቃሬዛው እኮ የሰው ነው» አሉ።

«ይኼም ለሰው ነው» አላቸው አባቴ። «ልጄን የሚያስቀርልኝ ነው።»

ዳኛው ገመዱን ራሳቸው አሰሩ።

አሸዋ እንዳይገባበት አባቴ ጋቢውን አውልቆ ሞተሩን ከራሱ እስከ እግሩ ሸፈነው። ወንድሜ፣ አባቴና ሁለቱ ጎረቤቶች በትከሻቸው አነሱት። እኔ ከኋላ ለሞተሩ የገዛነውን የነዳጅ ጀሪካን ይዤ ተከተልኩ። ከኋላ ሆኜ ሳየው ጋቢው ሥር የተኛው ነገር ቁርጥ ሰው ነበር።

እኛ ዘንድ ቃሬዛ ሲያልፍ ቁጭ ብሎ የሚያይ የለም። ከግራር ጥላ ሥር የተቀመጡት ተነሱ። ከገበያ ግመል እየሳበ የሚመለስ አንድ ሰው ግመሉን ለባልንጀራው ሰጥቶ ሮጠና ምንም ሳይጠይቅ አባቴን ከትከሻው አስለቀቀው። «አላህ ያሽረው» አለ። አባቴ ብረት ነው ሊል አፉን ከፈተ። ከዚያ «አሚን» አለ።

ካለ በኋላ መመለሻ የለውም። ሌሎችም መጡ። አንዱ «እግዜር ይማርልን» ይላል፣ ሌላው «አፊያ ያርገው» ይላል፣ አባቴ ለሁሉም «አሚን» ይላል። እኔ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ሻሼን ነክሼ እሄዳለሁ። አንዲት አሮጊት ከጎን ከጎኔ እያዘገሙ «ምኑን ነው ያመመው?» አሉኝ። እኔ ሳልመልስ ወንድሜ ከፊት ዞሮ «ውሃ ጥም ነው እማማ» አላቸው። አሮጊቷ አለቀሱ። እንዴት አድርገው እንዳለቀሱ! አፈርኩ፣ ግን ደስታዬ ከእፍረቴ ይበልጥ ነበር። ያን ቀን ወንድሜ ትከሻው ተልጦ ይስቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሲስቅ አላየሁትም።

ጉድጓዱ ዳር አወረድነው። ሰዉ ጋቢው ተገልጦ ብረት ሆኖ ሲያገኘው ሳቅ በሳቅ ሆነ፤ ማንም አልተቆጣም። ባለግመሉ ግን ይህን ሳያይ ግመሉ ወደቀረበት ከመንገድ ተመልሷል።

ወንድሜ ቱቦውን ጎትቶ አመጣ። ሞተር ሁለት አፍ አለው፤ በአንዱ ይስባል፣ በሌላው ይተፋል። ወንድሜ ዞረው፣ ጎንበስ ብሎ አየው፣ በጎኑ አስተኛውና ደግሞ አየው።

«አባዬ፣ አፉ የት ነው?» አለ።

አባቴም ዞረው። በእጁ ከራሱ እስከ ክንፉ ዳሰሰው። አንዲት ትንሽ ጣት የማታስገባ ቀዳዳ ብቻ አገኘ። «ይኖረዋል፣ ውስጥ ይሆናል» አለ። ሰዉም አንድ በአንድ ወደየቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ ከቆቦ ሞተር የሚጠግን መካኒክ አመጣሁ። ገና ከሩቅ እንዳየው ሳቁ ፈነዳ። ቀርቦ የአባቴን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «አባባ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ውሃ የሚያወጣ አይደለም። ውሃ ላይ የሚሄድ ነው። የጀልባ ነው።»

«አይሠራም ማለት ነው?» አለ አባቴ።

«እንዴት አይሠራም!» ከጀሪካኑ ቀጭን ጎማ አገናኘና ገመዱን ሁለቴ ሳበ። ሞተሩ ተነሣ። ክንፉ አየር ላይ ተሽከረከረ፣ የደረቀውን አፈር አንስቶ በሽንኩርቱ ላይ በተነው። ጤነኛ ነበር፣ አንዳች እንከን አልነበረውም። መካኒኩ ቶሎ አጠፋው።

አባቴ ሜዳውን በሙሉ በዐይኑ ዞረው። «ታዲያ ውሃው የታለ?» አለ።

ለጎርፍ ጊዜ ተብሎ የመጣ ዕቃ መሆኑን በኋላ ሰማን። የእኛ ጎርፍ ከተራራው ይወርድና ሳይውል ሳያድር አሸዋው ይጠጣዋል፤ ያን ብረት ከመጋዘን አውጥተው ወንዝ እስኪያደርሱት መሬቱ ደርቆ አቧራ ይነሳል። ጀልባዋም ያች የጎማ ሸራ ኖራለች። ሰውየው ቆርጦ ዘርግቷት ጤፍ ወቅቶባታል።

እዚህ ላይ ለማንም ያልተናገርኩትን ልናገር። መጋዘን ውስጥ ከሞተሩ ራስ ላይ ግማሹ የተላጠ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። ሥዕል ነበረበት፦ ሞገድ፣ ትንሽ ጀልባ፣ ከጀልባዋ የሚወድቅ ሰው፣ በሰውየው ላይ የተሰመረ ቀይ መስመር። አይቼዋለሁ። የጎብዬው ሰው ደግሞ ገና በር ላይ ነበር፣ ብጠራው ይሰማ ነበር። ልቤ እያወቀ ዐይኔን ከወረቀቱ አነሳሁ። አባቴ ስቆ ነበራ። ያን ሳቅ ከፊቱ ላይ የማጠፋው እኔ እንድሆን አልፈለግኩም። የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያነበብኩት እኔ ነኝ፣ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።

እንዲለውጠን ልለምነው ጎብዬ ሄጄ ሰውየውን ፈለግኩት። ፓምፑን ልጆቹ በተራ እየረገጡ ጎመንና ቃሪያ ያጠጣሉ። «ያኔ ስለምናችሁ» አለኝና ወደ ጎመኑ ተመለሰ። ቢሮው ተቆልፏል፤ ዘበኛው የት እንደሄዱ አያውቅም።

ወንድሜ በባልዲ መጎተቱን ቀጠለ። አባቴ ያግዘዋል። መዳፋቸው ቆስሎ በጨርቅ ጠቅልለው ይጎትታሉ። ከጉድጓዱ አጠገብ ያሉት ሁለት መደቦች ቆዩ፣ የቀረው ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ወደቀ። ወንድሜ አንድ ቀን ባልዲውን አፉን ደፍቶ አስቀመጠው። ከሁለት ቀን በኋላ ጠዋት፣ ቁርሱን በልቶ፣ የአባቴን ጉልበት ስሞ ሄደ። እኔ አስተምር ነበር። ቀድሞ እንዳልለምነው ነግሮኝ የለ፣ ደውዬም አልለመንኩትም። አሁን ሳስበው ያም ሌላው ጥፋቴ ነው።

ከሳምንታት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ደወለ። ነፋስ ነፋስ ይላል።

«እታለም፣ ሞተራችንን አገኘሁት!» አለኝ።

«የቱን ሞተር?»

«ያንን ነዋ። ጀልባው ቂጥ ላይ ተሰክቷል። ያው ራሱ፣ ሦስት ክንፉም አለ። ለአባዬ ንገሪው፤ እዚህ ውሃው ሞልቷል በይው።» ሊስቅ ፈለገ መሰለኝ። «ዛሬ ነው የምንሻገረው» አለና መስመሩ ተቋረጠ።

ለአባቴ ነገርኩት። ጉድጓዱ ዳር፣ ሞተሩ አጠገብ ነበር የተቀመጠው። ሞተሩን ማንም ሊወስደው የፈለገ የለም፣ ማንሳቱም አልሆነልንም፤ አባቴ መልሶ ያለበሰውን ጋቢ እንደለበሰ እዚያው ቀርቷል። አባቴ «ጀልባው ስንት ሰው ይጭናል አለሽ?» አለኝ።

አልጠየቅኩትም ነበር።

ያ ቁጥር ከዚያ ወዲህ ተነስቶ አያውቅም። እነሆ ክረምቱ አልፎ ሌላ በጋ መጣ። የተሻገሩ ልጆች ያሏቸውን ቤቶች ሁሉ ዞሬ ጠይቄያለሁ፤ ያየው የለም፣ የሰማም የለም። አባቴ ከሥራ ስመለስ ፊቴን ያያል፣ ከዚያ ፊቱን ያዞራል።

ባለፈው ሰሞን ቆቦ ገበያ አብረን ወጥተን ሳለ አንድ ሰው ግመሉን እየሳበ ሕዝቡን ጥሶ መጣ። እኔ አላወቅኩትም ነበር። የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ያዘ።

«አባባ፣ ያ የተሸከምነው በሽተኛችሁስ? ሻረ?» አለ።

ሰውየው እስከ ዛሬ ብረት መሸከሙን አያውቅም። ልነግረው ነበር። አባቴ ግን እጁን አልለቀቀም።

«ገና ነው» አለው።

«አላህ ያሽረው» አለ ሰውየው።

አባቴ «አሚን» አለ። በዚህኛው እኔም አሚን አልኩ።