ሁለቴ ሲሳብ ማላላት ነው

ባሌ አዛናው ውሃ የሚፈራ ጠላቂ ነበር። ይህን ስናገር ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የጓንግን ወንዝ የማያውቅ ሰው ነው በጓንግ የሚስቀው።

አዛናው የመተማ ዮሐንስ ልጅ ነው። ከእናቱ ጀርባ ወርዶ ወንዝ ገባ ይሉታል። ደርግ በመጣ ሰሞን ወጣት ሲመለመል፣ ዋና የሚችል ተብሎ ምጽዋ ወረደ። እዚያ የአየር ጠርሙስ በጀርባው አዝሎ ከመርከብ ሥር መግባት ተማረ። ከላም ሆድ መዥገር እንደሚለቅም ሰው ከመርከቡ ሆድ የተጣበቀውን ሁሉ ሲፈቀፍቅ ይውል ነበር። ሥራውን ይወደው እንደነበር ሲያወራው ያስታውቃል።

አንድ ቀን ግን ጉንፋን ይዞት ሳለ፣ ሰነፍ እንዳልባል ብሎ ለማንም ሳይናገር ገባ። ሲወጣ መነጽሩ ደም ሞልቶ ነበር። ሐኪሙ ያስረዳውን እኔ በሚገባኝ አማርኛ ደጋግሞ ነግሮኛል። በግንባራችንና በጉንጫችን አጥንት ውስጥ ባዶ ጓዳዎች አሉ። በራቸው ጠባብ ነው፤ ወደ አፍንጫ ይከፈታል። ሰው በወረደ ቁጥር ውሃው ይጫነዋል፤ በሩ ክፍት ከሆነ አየር ገብቶ ጫናውን ያስተካክላል። በጉንፋን ከተደፈነ ግን ጓዳው ደም ይመጥጣል። ሲወጣ ደግሞ ይብሳል፤ ታች የገባው አየር ወደ ላይ በመጣ ቁጥር ያብጣል፤ መውጫ ካጣ አፉ እንደታሸገ የጠላ ጋን ይሆናል። "ጋኑ እኔ ነኝ" ይለኝ ነበር ግንባሩን እያሻሸ።

ለውሃ አትሆንም ብለው አሰናበቱት። መጣ፣ እኔን አገባ፣ ሰሊጥ ዘራ። ከብት ሲያጠጣ እንኳ ከጉልበቱ አያልፍም። "ቀይ ባሕርን የጠጣህ ጀግና፣ ኧረ እግርህን ታጠብ!" እያልኩ እተርበው ነበር። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ያስቀኝ ነበር።

በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ኅዳር ላይ፣ ሰሊጥ በሚራገፍበት ሰሞን፣ ደጋው ያለ ጊዜው ዘነበ። ጓንግ ድንገት ሞልቶ የሰፈራ እርሻውን የውሃ ፓምፕ ከነመንሳፈፊያው ገለበጠው። ፓምፑ በሰንሰለት ከወፍራም የባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ታስሮ ስለነበር ርቆ አልሄደም፤ እዚያው ገደሉ ሥር ካለው ጥልቅ ገባ። ሲሰጥም ጠባቂውን ማሩን ይዞት ሰጠመ። ማሩ የጎረቤታችን የእትየ ሀብትነሽ ልጅ ነው፤ አንድ ለእናቱ። ጎርፉ ሲጎድል ሬሳው ይንሳፈፋል ብለው ጠበቁ፣ አልተንሳፈፈም። ብረቱ እንደያዘው ሁሉም ገባው።

እትየ ሀብትነሽ ከወንዙ ዳር አልነሳም አሉ። ልጄን አፈር ሳላለብሰው ለቅሶ አልቀመጥም አሉ። ወዲያ ማዶ አሸዋው ላይ አዞዎች አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሴትዮዋ ቀኑን ሙሉ በእነሱ ላይ ድንጋይ ሲወረውሩ ይውላሉ፤ ድንጋዩ መሀል ወንዝ አይደርስም። ያን ያየ ሰው እንጀራ አይዋጥለትም ነበር።

የሰፈራ እርሻው ኃላፊ ለፓምፑ ብሎ ከባሕር ዳር የመጥለቂያ ዕቃ አስመጣ። ሁለት የአየር ጠርሙስ ተጫነ፤ አንደኛው በዚያ ኮረኮንች መንገድ ሲንገላታ ተንፍሶ ባዶውን ደረሰ። ከዚያ ቤታችን መጣ።

"ጓድ አዛናው፣ አብዮቱ ይጠራሃል" አለው።

አዛናው የሰሊጥ አቧራ አፍንጫውን ደፍኖት በአፉ ነበር የሚተነፍሰው። "ጉንፋኔ ይልቀቀኝና እገባለሁ" አለ።

"በጉንፋን ሥራ የሚቀር አንተን አየሁ! አሻጥር እንዳይባልብህ ብቻ።"

ይህን ቢልም አዛናው አልተነቃነቀም። እኔም አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ማታውን ግን እትየ ሀብትነሽ ራሳቸው መጡ። ደጃፉ ላይ ቆሙ እንጂ አልገቡም። "ልጄ፣ አዞው ጉንፋንህን አይጠብቅልኝም" አሉት። አዛናው እገባለሁ ብሎ ጫማቸው ላይ ወደቀ፤ እኔም አለቀልኝ አልኩ።

ጠዋት ወንዙ ዳር ስንደርስ አገሩ ሁሉ ወጥቷል። ሐቢባም ነበረች፤ ሱዳን ጋላባት ተሻግራ ሽቶና መድኃኒት የምታመጣ ነጋዴ ናት። ከጉያዋ ትንሽ ብልቃጥ አወጣች።

"ይኸ ጠብታ የግመል አፍንጫ ይከፍታል። ሁለት ሁለት ታደርግና ኸላስ፣ አለቀ!"

አዛናው ብልቃጡን እያገላበጠ አየው። "መክፈቱን ይከፍታል። ታች እያለሁ ኃይሉ ቢያልቅስ? ሲዘጋ ይብሳል፤ ምጽዋ አስጠንቅቀውናል" አለ። የሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ሌላው የእትየ ሀብትነሽን ፊት ነበር የሚያየው። ጠብታውን ጨመረ። ወዲያው አፍንጫው ተከፈተ፤ ሰውም እልል አለ።

ከመግባቱ በፊት የወገቡን ገመድ ጫፍ ለእኔ ሰጠኝ። ከኋላዬ ለሰሊጥ የመጡት የጎጃም አጫጆች ገመዱን ይዘው ተሰለፉ፤ አለቃቸው ፈረደ የሚባል ትከሻው በር የሚያክል ሰው ነው። ሬሳውን የሚጎትቱበት ሌላ ገመድ ለብቻው ተዘጋጀ።

"ውባንች፣ ስሚኝ" አለኝ። "አንድ ጊዜ ከሳብሁ ደኅና ነኝ። ሦስቴ ከሳብሁ አውጡኝ። ሁለቴ ከሳብሁ አላልተሽ ተይኝ፤ በሩ ተዘግቶብኛል ማለት ነው። ቀስ ብዬ ካልወጣሁ ጋኑ ይፈነዳል። ሰማይ ቢደፋ እንዳታስስቢኝ።"

"አየሩ ቢያልቅብህስ?"

አማተበ፤ ሰንሰለቱን ይዞ ወደ ታች ጠፋ።

ውሃው ድፍርስ ነው። የሚታየው ከሥር እየመጣ የሚፈርጥ አረፋ ብቻ ነው። አረፋ ባየሁ ቁጥር ተመስገን እላለሁ፤ ከአንዱ አረፋ እስከ ሌላው ደግሞ እሞታለሁ። አንዴ ተሳበ፤ ደኅና ነው። ቆየ። አንዴ ተሳበ። በጣም ቆየ። ብረቱ ማሩን ጥብቅ አድርጎ ይዞት ኖሯል። በኋላ ሁለተኛው ገመድ ተንቀጠቀጠና ጎተቱ፤ የማሩ ሬሳ ወጣ። የወጣውን አልናገረውም። እናቱ ላዩ ላይ ወደቁ፤ ወንዝ ዳሩ በዋይታ ተናወጠ።

በዚያ ዋይታ መካከል የእኔ ገመድ ሁለቴ ተሳበ።

አላላሁ። "አላሉ! ሁለቴ ነው!" ብዬ ወደ ኋላ ጮህኩ፤ ማን ይስማኝ። ዓይኔን ወደ ውሃው ስመልስ አረፋው ቀልቷል። መጀመሪያ የሮዝ መልክ ነበረው፤ ቀጥሎ ደም ሆነ።

አንዱ "አዞ!" ብሎ ጮኸ።

የእኛን አገር ሰው ማወቅ ነው። ጓንግ ዳር የኖረ ሁሉ፣ አዞ ጥጃ ሲይዝ፣ አዞ ሰው ሲይዝ አንድ ነገር ያውቃል፤ መጎተት ነው። ማን ቀድሞ ያዘ፣ ማን አጥብቆ ሳበ ነው ነገሩ። ውሃ ላይ ደም ታይቶ ገመድ በእጁ እያለ የማይስብ ወንድ እዚህ አልተፈጠረም። አጫጆቹ ደገኞች ቢሆኑም ከከረሙበት ተምረውታል። እትየ ሀብትነሽ ከልጃቸው ሬሳ ላይ ቀና ብለው፣ "ልጄን ያወጣልኝን ሰው አታስበሉት! ሳቡት! ሳቡት!" እያሉ ደረታቸውን ይደቃሉ።

ሳቡት። ገመዱ እጄን ልጦኝ አለፈ፤ ተወጥሮ እንደ ክራር ጅማት ነዘረ። ታች ግን አንድ ነገር እምቢ አለ። "ጎትት! ይዞታል!" ይላል ፈረደ።

እኔስ ምን አውቃለሁ? እውነት አዞ ቢሆንስ? የያዘው አዞ ይሁን ሰንሰለቱ ከላይ ማን ያየዋል? አዞ ከሆነና ካስለቀቅኩ ባሌን በገዛ እጄ ለአውሬ ሰጠሁት። አዞ ካልሆነና ከሳቡት ጭንቅላቱን በገዛ ዓይኔ ፊት አፈነዱት። እግዚአብሔር ማንንም እንደዚያ ባለ መንታ መንገድ ላይ አያቁም።

በዚያ በተወጠረ ገመድ ላይ መዳፌን ጣል አደረግኩ። ከሥር፣ በሆድ እንዳለ ሕፃን ግፊያ ደክሞ፣ መጣ። አንድ፣ ሁለት። ጠበቅኩ፤ ሦስተኛ የለም።

ከፈረደ ወገብ ማጭዱን መዝዤ ገመዱን በጠስኩት።

አጫጆቹ በጀርባቸው ተዘረሩ። የተበጠሰው ጫፍ እንደ እባብ ተሳቦ ውሃ ገባ። ከዚያ አንዲት ሴት "ባሏን በላች!" አለች። ኃላፊው "ያዟት!" ይላል። ፈረደ ተነስቶ ክንዴን ጨመደደኝና፣ "ኧረ አንች ሴት፣ ምን አረግሽው?" አለኝ፤ እንባው ይወርዳል። ሐቢባ ብቻ መጥታ አጠገቤ ቆመች።

አረፋው ደም እንደሆነ ቀጠለ። እየሳሳ ሄደ። ከዚያ ቆመ።

አየሩ አለቀ ማለት ነው። መሬቱ ላይ ተቀመጥኩ። ማጭዱ እጄ ላይ ነበር፤ ማንም ሊቀማኝ አልደፈረም።

ሰንሰለቱ ከውሃው በሚወጣበት በኩል መጀመሪያ እጅ ታየ። ቀጥሎ ራስ። ፈረደ ዘሎ ገባና ታቅፎ አወጣው። መነጽሩን ሲያወልቁለት ደሙ በአገጩ ወረደ፤ ቀኝ ዓይኑ ቀልቶ አብጧል። ሰው ሁሉ ላዩ ላይ ሲረባረብ እሱ በጣቱ ይፈልገኛል።

"ማነው የበጠሰው?" አለ።

"እኔ ነኝ።"

"ሲስቡኝ እግሬን ሰንሰለቱ ላይ ጠመጠምሁት። ትንሽ ቢቆዩ እግሬ ይለቅ ነበር። ሲላላ ትንሽ ወረድሁ፣ ቆየሁ፣ ግንባሬ ውስጥ የታፈነው አየር ጢስ ብሎ ወጣ። በመጨረሻዋ ትንፋሽ መጣሁ።" ይህን ሲናገር እየጮኸ ነበር። የራሱን ድምፅ አይሰማም። ያን ጊዜ ነው ማጭዱን የጣልኩት፤ በነጠላ ጠቅልለው ያዙኝ።

ማሩን የቀበርነው በዚያው ቀን ነው። አዛናው ተኛ ቢሉት አልተኛም፤ ራሱን በሻሽ አስሮ መጣ። ፀሐዩ ከባድ ነው፣ ሬሳውም የሚቆይ አልነበረም፤ ፈረደና ባልደረቦቹ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመው በገመድ ቶሎ ቶሎ ያወርዱ ጀመር።

እትየ ሀብትነሽ እጃቸውን አነሱ። ድምፃቸው ከጩኸት ብዛት ተዘግቷል።

"ቀስ በሉ፤ አታጣድፉብኝ" አሉ። "ፈረደ፣ ልጄ፣ ላላ አድርገው።" ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን ነበር።

አዛናው በቀኝ ጆሮው ከዚያ ቀን ጀምሮ አይሰማም። ጎንበስ አለና "ምን አሉ?" ብሎ ጠየቀኝ። ዞሬ በግራ ጆሮው ነገርኩት። በሰው ፊት እጄን ይዞ የማያውቅ ሰው፣ ገመዱ የላጠውን መዳፌን ያዘና ማሩ አፈር እስኪለብስ ድረስ ሳይለቀኝ ቆመ።