ብርጭቋቸውን የሚደፉት አጎቴ

አጎቴን ሁሉም በደግነታቸው ያነሣቸዋል። እኔ የማስታውሰው ብርጭቆ ሲደፉ ነው። ሜልበርን ውስጥ ሴንት አልባንስ ሰፈር ባለው ቤቴ በደገስሁ ቁጥር፣ ጠላ ሊቀዳላቸው ሲል ባዶ ብርጭቋቸውን በአፉ ደፍተው ስብከት ይጀምራሉ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የሜልበርን ሴቶች መጠጥን ለማስቀረት ማኅበር አቋቁመው ምን ያህል እንደታገሉ የሆነ ቦታ አንብበዋል። እኔ በጠመቅሁት ጠላ፣ በልጄ ሠርግ ቀን እንኳ አልማሩኝም።

«ጋሼ፣ እነዚያው ሴቶች እኮ የመምረጥ መብትም ይሰጠን ብለው በር ለበር ፊርማ ለምነዋል» ብዬ ገና ስጀምር፣

«አንቺ ደግሞ፣ ወንዶች ሲያወሩ ዝም በይና ወጡን አቅርቢ» አሉኝ። እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ወዲህም ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር አንድም ቀን አስጨርሰውኝ አያውቁም።

ባለፈው እሑድ አርባቸውን ስናወጣ፣ ጠላው ከተቀዳ በኋላ ብድግ ብዬ ስለ ሴቶቹ መናገር ጀመርሁ። ስንት ዓመት አፌ ላይ የቆየ ነገር ነው። ወንዶቹ አቀርቅረው ያዳምጡኛል፤ የሚያቋርጠኝ የለም። መሐል ላይ ስደርስ ዐይኔ ባዶ ወንበራቸው ላይ ዐረፈ። ከዚያ «ዝም በይ» የሚለውን ድምፅ ስጠብቅ የቀረው ጠፋብኝና ተቀመጥሁ።

ሞተውም አላስጨረሱኝም።