ባዶ ቀፎ

በያየህ ቤት ስልክ ሁልጊዜ ለመነጋገር አይጠራም ነበር። አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም ካለ ማንም ከተቀመጠበት አይነሣም። እስራኤል አገር፣ ሐደራ ከተማ ውስጥ ይህን ጺንቱቅ ይሉታል፤ ደውሎ፣ ሳይነሣ መዝጋት። ከሥራ ወጣሁ ማለት ነው፤ ደረስኩ፣ ደኅና ነኝ ማለት ነው፤ ከታች ቆሜያለሁ፣ ውረዱ ማለትም ነው። እናቱ እማማ ወርቂቱ ከአገሩ ቋንቋ ሁሉ ይችን አንዷን አጥርተው የተማሩ ይመስሉ ነበር። ከሶፋው ጠርዝ ተቀምጠው፣ ስልኩ ኪር ብሎ ሲቆም፣ «ያየህ ነው፤ ደርሷል፤ ተመስገን» ይላሉ። ቸኩሎ ያነሣ ሰው ከተገኘ ደግሞ ይቆጡታል።

«ጺንቱቅ አይነሣም። ሰው ከመንገድ ማዶ ሰላም ቢልህ ሮጠህ እጁን ትይዘዋለህ?»

ያየህ በኢንዱስትሪ ዞኑ፣ የወረቀት ጥቅልል በሚከማችበት መጋዘን፣ ማልጌዛ የሚሏትን ዕቃ አንሺ መኪና ይነዳል። በዘጠና አንድ፣ በፈረንጁ አቆጣጠር፣ ከኢትዮጵያ በአውሮፕላን ሲያመጧቸው ጢሙ ገና መውጣቱ ነበር። አሁን ጨጓራው የሚያመው፣ ጸጉሩ የሳሳ ጎልማሳ ሆኗል። ከሚስቱ ከተለያየ ወዲህ ክፋር ብራንዳይስ በሚሉት ሰፈር ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ካለች ቤት፣ ከእናቱና ከልጁ ከሪናት ጋር ይኖራል። ዝምተኛ ነው። ነገር ሲገባው «ቤሴደር» ይላል፣ እሺ ማለቱ ነው፤ ሳይገባውም «ቤሴደር» ይላል። በዚህች ቃል ሥራም ተቀጥሮባታል፣ ትዳርም ፈትቶባታል።

እናቱ ግን ቃል የሞላቸው ሴት ነበሩ። ሙሾ አውራጅ ናቸው። ከሐደራ እስከ ናታኒያ፣ እስከ አፉላ ድረስ ልቅሶ ሲኖር መኪና ይላክላቸዋል። ገብተው አንዲት ስንኝ ሲያወርዱ፣ ከድንኳኑ ጥግ ቆሞ ስለ እግር ኳስ የሚያወራው ጎረምሳ ሳይቀር አንገቱን ይደፋል። ለሰው ሁሉ ያለቀሱት እኒህ ሴት ለገዛ ልጃቸው አልቅሰው አያውቁም። የያየህ ታላቅ፣ ማሬ የምትባል፣ በእግሯ መሄድ እንደ ጀመረች ነው የሞተችው። ያን ጊዜ እሳቸውም ገና ልጅ ነበሩ። ሊያለቅሱ ሲከጅላቸው፣ «ለጨቅላ ሙሾ አይወረድም፤ ሌላ ትወልጃለሽ» ብለው ትልልቆቹ አፋቸውን አስያዟቸው። ሌላ ወለዱ፤ ያየህን። ከዚያ አገሩም ቀረ፣ መቃብሩም ቀረ። ስንኙ ግን አልቀረም፤ እዚያው ሆዳቸው ውስጥ አብሯቸው ባሕር ተሻገረ።

በዚያው በፈረንጁ አቆጣጠር በሁለት ሺህ ስምንት፣ ነሐሴ ላይ፣ መጋዘኑ ለዕረፍት ሲዘጋ፣ ያየህ ጎንደርን ሊያይ ተነሣ። እናቱ ልብስ እያጠፉ አስጠጉት።

«መቃብሯን ታውቀዋለህ?»

«በየት አውቄው እምዬ?»

«ከወንዙ በላይ፣ ከቁልቁለቱ ጫፍ ነው። ከራስጌዋ መጅ አኑሬላታለሁ። እሷን አዝዬ የምፈጭበት መጅ ነው፤ ወገቡ ላይ ተሰንጥቋል። ስታገኛት ደውልልኝ። ዓርብ ቀን ይሁን፣ ሰንበት ሳይገባ። ስልኩን አፈሯ ላይ አድርግና አንተ ዝም በል። የምላት አለኝ።»

«ፎቶ አነሣሎታለሁ።»

«ፎቶ በምኔ ላየው? ዓይኔስ ደክሟል። ጆሮና አፍ ነው የቀረኝ።»

ሪናት ከኮምፒውተሩ ላይ ቀና አለች። አማርኛዋ አንቱታ አያውቅም፤ አያቷንም በዕብራይስጡ ሳብታ ትላቸዋለች። «ሳብታ፣ እሷ እኮ አትሰማሽም።»

«አንቺስ መቼ ትሰሚኛለሽ?» አሉ አያቷ። ሳቁ። ሸሚዙን እየጠቀለሉም፣ ለራሳቸው ያህል፣ ዜማውን እንደ መለካት አድርገው አወጡት፦

ማሬ ብዬሽ ነበር ቤቴን ልታጣፍጪ፣
ምን ጠራሽ ወደ አፈር ቀፎሽን ሳትመርጪ።

«ከዚያስ?» አላቸው ያየህ።

«ከዚያ ወዲያ ያለውማ የሷ ነው።»

ያየህ መሃል ከተማ ወደ አቭነር የስልክ ሱቅ ሄደ። ከውጭ አገር በተራ ስልክ መደወል ሰውን እንደሚያራቁት፣ ማንሣቱም እንደሚያስከፍል መጋዘን ውስጥ ሲወራ ሰምቷል። አቭነር ለመንገደኛ የተሠራች ርካሽ ሲም ካርድ አወጣለት። ሦስት ሰው ተሰልፎ ይጠብቀዋል፤ አፉ ይፈጥናል።

«ትደውላለህ። ይዘጋብሃል። አትደንግጥ፣ ሁ ያሕዞር ኤሌኻ፤ እሱ መልሶ ይደውልልሃል። ርካሽነቱ እሱ ላይ ነው። ገባህ?»

በዕብራይስጥ፣ እንደኛው አማርኛ ሁሉ፣ ማሽኑም «እሱ» ነው፣ ሰውም «እሱ» ነው። አቭነር የሚለው ስለ ኩባንያው ማሽን ነበር፤ ማሽኑ መስመሩን ይዘጋና ራሱ ይደውልልሃል፣ ስታነሣ ያኔ ከሐደራ ጋር ያገናኝሃል ማለቱ ነው። ያየህ የገባው ደግሞ የደወልክለት ሰው አይቶ ይመልስልሃል የሚለው ነው። ይህማ የቤቱ ነገር አይዶለም? ጺንቱቅ ትሰጣለህ፣ ጺንቱቅ ይሰጡሃል። እሱ ማን ነው ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ! አንዲት ጥያቄ ነበረች። ከኋላው ያለችው ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ ያየህም አፈረ።

«ቤሴደር» አለ።

ጎንደር በገባበት ምሽት ወደ ቤት ደወለ። አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ተናግራ መስመሩ ተቋረጠ። ወዲያው እጁ ላይ ስልኩ ጮኸ። ቁጥር የለውም፤ «ሓሱይ» ይላል፣ ቁጥሩ የተሰወረ ማለት ነው። ከባሕር ማዶ የመጣ ጥሪ እንዲህ ቢሆን ምን ይገርማል። ፈገግ አለ። እምዬ ናቸው፣ ሪናትን አስደውለው፤ ደርሰሃል፣ ሰምተናል ሲሉት። እስኪበቃው ጮኾ ሲያበቃ ስልኩን ሳም አደረገና ተኛ። በማግሥቱም እንዲሁ። በየምሽቱ ይደውላል፣ ይዘጋበታል፣ ይመለስለታል፣ ደስ ይለዋል።

ሐደራ ያለው ስልክ ግን አንድም ቀን አልጮኸም ነበር።

ዓርብ ከረፋዱ ላይ፣ በአባቱ ጎረቤት ልጅ በአለልኝ መሪነት፣ ያን ቁልቁለት ጭቃ እያቦካ ወጣ። ከላይ ደመናው ሆዱን አንጠልጥሏል፤ ከታች ወንዙ ደፍርሶ ያጓራል። ሲፈልጉ ቆዩ። ሣሩን በዱላ እየገለጡ ሳለ አለልኝ፣ «አያ ያየህ፣ ይኸ የድንጋይ ወገብ የማን ነው?» አለ። መጁ ነበር። ስንጥቁ ውስጥ ሽበት የመሰለ ሻጋታ ሠርቶበታል፤ ከአጠገቡ አንዲት ሾላ በቅላ ጥላዋን ጥላለች። ያየህ የማያውቃት እህቱ ፊት ተንበረከከ። ኮረብታው ላይ የስልክ ሞገድ ነበር። ደወለ።

እንግሊዝኛዋ ሴት ተናገረች፣ ተቋረጠ። ስልኩ ጮኸ። ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ዘጋው፤ እሱ ራሱ በደንብ ሊደውል። ደወለ። ተቋረጠ። ጮኸ። ዘጋው።

«ማን ነው እንዲህ የሚጠራህ?» አለ አለልኝ።

«ልጄ ናት። ስልኩን አላስነካ አለችኝ። እኔ ልደውል ስል እሷ ትቀድመኛለች።»

«ታዲያ አታነሣላትም?»

«ጺንቱቅ ነዋ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«እናንተ ሚስኮል የምትሉት።»

«አሃ፣ ሚስኮል» አለ አለልኝ፤ እሱም ሚስኮል እንደማይነሣ ያውቃል። እንዲህ ሁለት ሰዎች በር ላይ ተገናኝተው «እለፍ»፣ «አንተ እለፍ» እንደሚባባሉት፣ ያየህና ማሽኑ መቃብሩ ላይ ሲጠራሩ፣ ዝናቡ ወረደ። ስልኩን ከብብቱ ከተተው። እናቱ ሙከራውን ሁሉ የሰሙ መስሎት፣ ልቡ ብዙም አልከፋውም። ሰንበት ገባ። ሰንበት ሲወጣ ከከተማው የስልክ ቤት ሊደውል አስቦ ነበር፤ ግን መመለሻው ደርሷል፤ በአፌ ብነግራቸው ይሻላል አለና ተወው። ኋላ እንደ ጥፍር ውስጥ እሾህ የጠዘጠዘችው ይችው ናት፤ «በአፌ ብነግራቸው ይሻላል» ያላት።

ቤቱ ሲገባ እናቱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰው ነበር። ሐዘን ነው። ያየህ ደነገጠ።

«ማን ሞተ?»

«ማንም። ና፣ ተቀመጥ ልጄ።»

ሻንጣውን ሳይፈታ ነገራቸው። አገኘኋት አለ። ከወንዙ በላይ፣ እንዳሉኝ፣ መጁም እንደ ተሰነጠቀ፣ ሾላ በቅሎባታል፣ ጥላ አላት አለ። እናቱ እየደጋገሙ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይብቀል፣ ይብቀል» አሉ በለሆሳስ። ይህን ድምፅ ያየህ ያውቀዋል። ልቅሶ ቤት፣ ያልሆነውን ሆነ እያለ የሚያጽናናቸውን ሰው እንዳያሳፍሩት የሚመልሱበት ድምፅ ነው።

ሪናት ወደ በረንዳው ወስዳ ነገረችው።

«አባ፣ ለምን አልደወልክም? ሳብታ ዓርብ ከጠዋት ጀምራ ስልኩ አጠገብ ተቀመጠች። እኔ እንዳልደውልልህ ቁጥሩን አልሰጠኸኝም። ‹መቃብሩ የለም ማለት ነው፤ አርሰውታል። ቢኖርማ ይደውል ነበር። መርዶ በስልክ አይነገርም፣ መጥቶ ሊያረዳኝ ነው› አለች። ከዚያ ሳይጠራ አነሣችው።»

«ምኑን?»

«ስልኩን። ያ ‹ቱ› የሚለው ድምፅ ብቻ ነበር። ለሱ ዘፈነችለት፣ ምን እንደሆነ አላውቅም። ደጋገመችው፣ ያዝኩት፣ ግን አልገባኝም። ቀፎ ምንድን ነው?»

«በይ እስቲ።»

ልጅቱ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ ትርጉሙ እንደማይገባው ሰው፣ ቃል በቃል አለችው፦

ባዶ ቀፎ ይዤ ጆሮዬን ብሰጠው፣
ንቡ ዝም አለብኝ ማሬን ማን ቆረጠው።

ያየህ የበረንዳውን ብረት ያዘ። «ቀፎ የንብ ቤት ነው» አላት። ቀጥሎም፣ «የምታነሺው የስልክ እጀታም ቀፎ ይባላል።» ማር የሚቆርጠውም፣ መስመር የሚቆርጠውም አንድ ግሥ መሆኑን ሊነግራት ፈልጎ አልቻለም። ቀዩን የተጫነችው አውራ ጣቱ ከብረቱ ላይ ነበረች።

«ደውዬ ነበር» አለ። «በየቀኑ ደውዬያለሁ። እናንተም ትመልሱልኝ ነበር።»

«እኛ? ማን?» ሪናት ካርዷን ተቀብላ አገላበጠቻት። «አባ፣ ይቺ እኮ ማሽኑ ነው የሚመልስልህ። ታነሣዋለህ፣ ከዚያ ያገናኝሃል።» ፊቱን አየችው። «አላነሣኸውም?»

ያየህ ገባ። ከእናቱ እግር ሥር፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠና ከመጀመሪያው ጀምሮ አስረዳቸው። ስለ አቭነር፣ ስለ ማሽኑ፣ ስለ እንግሊዝኛዋ ሴት፣ መቃብሩ ላይ ቆሞ ስልክ ሲጮኽለት እየዘጋ ሌላ ስለ መደወሉ። እየተናገረ ራሱ ሰማው፤ እውነቱ ከአፉ ሲወጣ ሰው ከጭንቁ የፈጠረው ተረት ይመስላል። ስለ መጁም ቢል፣ የነገሩት እሳቸው ናቸው። ስለ ወንዙም እሳቸው ናቸው። ሾላዋ ብቻ የሱ ናት፤ ሾላ ደግሞ የትም ይበቅላል።

«አሁን ለአለልኝ እንደውልለት» አለ። «ስልክ አለው። ይውጣና አፈሯ ላይ ያድርግሎት። የሚሏትን ይበሏት።»

እማማ ወርቂቱ እጃቸውን ሰድደው ራሱን ዳሰሱት፤ የሳሳውን ጸጉሩን፣ እንደ ሕፃን።

«ሰው በዝናብ አናስቸግር። ማንስ ማሳ ላይ ቆሞ ‹ይኸው› ቢለኝ፣ በምን አውቃለሁ? ደግሞ ብዬዋለሁ፤ አልቋል።»

«እምዬ፣ አለች እኮ። በዓይኔ አይቻታለሁ።»

«አይተሃል ልጄ። አዝነህልኝ ነው፣ አውቃለሁ። እኔም የስንቱን ደጅ አንኳኩቼ አርድቻለሁ፤ እንዲህ ነው የሚጀመረው።»

ያየህ ሙሉ እውነት ይዞ ቤቱ ገብቶ የሚቀበለው ሰው አጣ። እናቱ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አነሡና፣ ጥለቱን ወደ ታች መልሰው፣ እንደ ወትሮው አድርገው ለበሱት። ሐዘኑ አለቀ ማለት ነው። ወደ ሻንጣው አቅጣጫ ዞሩ።

«ለመሆኑ ጉዞው እንዴት ነበር? ምግቡ ተስማማህ? ጨጓራህ አላስቸገረህም?»

«ተስማምቶኛል እምዬ» አለ።