የአሥረኛው ቀን ወተት

የእትዬ ሚሊሰንት ላሞች ሁለት ጌታ አይተዋል፤ መጀመሪያ እግዚአብሔርን፣ ቀጥሎ ጨርቅ ነጋዴውን ክሮውደርን።

ንጉሡ ገዳማቱን ሲያፈርስ የመንደሩ ገዳም ድንጋይ ለአጥር፣ ደወሉ ለመድፍ ሆነ፤ አሥራቱን የመሰብሰብ መብት ለክሮውደር ተሸጠ። በወጉ ማማተብ እንኳ የማያውቅ ሰው የእግዜርን ድርሻ ገዝቶ በሕግ ባለቤት ሆነ። እግዜር ራሱ መጥቶ ቢጠይቅ ደረሰኝ አምጣ ይባል ነበር።

ሚሊሰንት ያደገችው በሌላ ወግ ነው። በየአሥረኛው ቀን የታለበው ሁሉ ማለዳ ወደ መንደሩ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ይሄድ ነበር። እዚያ ወፍራሙ መነኩሴ አባ ኦስዊን እጅጌያቸውን ሰብስበው ለድሆች በየሳህናቸው ይቀዱ ነበር። ጻድቅ አልነበሩም፤ ስልባቦቱን ቀድመው የሚቀምሱት እሳቸው ነበሩ። ከንፈራቸው በወተት ነጥቶ ስለ ጾም ይሰብኩ ነበር። ዛሬ ያ ነጭ ከንፈር ይናፍቃታል።

ክሮውደር ወተቱን ለአይብ ፈለገው። በመጀመሪያው የአሥራት ተራ ሚሊሰንት እንደ ልማዷ ደጀ ሰላሙ ላይ ቆመች፤ ድሆቹም ዓይነ ስውሯን አሮጊት አግነስን አስቀድመው መጡ። የክሮውደር አሽከር ሂዩ ባዶ እጁን ከተፍ አለ።

«እትዬ፣ እስከ ጌታዬ ቤት ያድርሱልን።»

«ወጉ እስከዚህ ነው፣ የኔ ልጅ። ከዚህ ወዲያ ተቀባይ በራሱ ዕቃ ይወስዳል። ዕቃህ የታለ?»

«በእርስዎ ማለቢያ ልውሰደውና እመልሳለሁ።»

«ጌታህ ገዳም ውጦ ዝም ያለ ሰው ነው፤ ማለቢያዬን ይመልሳል ብዬ ልመን?»

«በባርኔጣህ ውሰደዋ!» አለች አግነስ፤ ደጀ ሰላሙ በሳቅ ተናጋ። ሂዩ ፊቱ ቀልቶ ሄደ፤ ሚሊሰንትም ወተቱን ለድሆቹ ቀዳች።

በሚቀጥለው ተራ ግን ሂዩ በርሜል በጋሪ ጭኖ መጣ። ወጉን የተናገረችው ራሷ ናትና ምን ትበል? ወተቱን በርሜሉ ውስጥ ገለበጠችው።

አግነስ ጆሮዋን አቅንታ አዳመጠች። «ይሄ የሳህን ድምፅ አይደለም።»

«አይደለም፣ እማማ» አለች ሚሊሰንት። ወደ ድሆቹ ዞረችና፣ «ነገ ኑ» አለቻቸው።

የነገው ወተት የራሷ ነበር፤ ከሱ የሚገኘውን አይብ ሸጣ ነው በረዶ ሣሩን ለሚሸፍንበት ክረምት ድርቆሽ የምትገዛው።

«አንቺ ሞኝ! አሥራት ሁለት ጊዜ ይከፈላል?» አለቻት ጎረቤቷ በማግሥቱ።

«ትናንት ለክሮውደር ነበር» አለች ሚሊሰንት ማለቢያዋን እያነሳች። «የባለቤቱን ገና አልከፈልኩም።»

በዚያ ክረምት ድርቆሹ አልበቃ ብሎ አንዷን ላም ሸጠች። በየአሥረኛው ቀን ማግሥት ግን አግነስ ከሁሉ ቀድማ ትመጣ ነበር።