ጋሽ ላታሞ ዲሹን ሊያዞሩ ሲወጡ

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ እንዳባራ፣ ታቦር ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ሰው ከመግደል ለጥቂት ተረፍኩ...

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቄ አንድ የቴሌቪዥን ጥገና ሱቅ ውስጥ ስምንት ወር ሠርቻለሁ። ባለቤቱ የደንበኛ ዕቃ በገዛ እጁ አቃጠለና ደንበኛው ፊት «እሷ ናት» አለ። ዝም አላልኩም። በዚያው ቀን ተባረርኩ። ከዚያ ወዲህ በሰፈሩ ስሜ «ያቺ ዕቃ የምታቃጥለው» ሆነ።

ጋሽ ላታሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። የእንጨት ሳጥን ያለው ጥቁርና ነጭ ቴሌቪዥናቸውን እንድሠራላቸው ቤታቸው ጠሩኝ። ልጆቻቸው የገዙላቸው ትልቅ ፍላት ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

«ያ የልጆቼ ነው። የኔ ይሄ ነው» አሉኝ። ከዚያ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «አንቺ ነሽ አሉ የምታቃጥይው?»

«እንደዚያ ነው የሚሉት።»

«ይሄ እንደሆነ ቀድሞ ሞቷል። አይዞሽ፣ ምንም አታደርጊውም።»

ሦስት ቀን፣ ከሰዓት ከሰዓት፣ ፈጀብኝ። የደረቁትን ዕቃዎች አንድ በአንድ ነቅዬ ቀየርኩ። ቅዳሜ ዕለት ስክሪኑ ቀስ ብሎ ነጣ... ሠራ። አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የአንቴና ገመድ የሚገባበት ቦታ ላይ ያለች ትንሽ ካፓሲተር ተሰንጥቃለች። ሥራዋ ኤሌክትሪኩ ከቴሌቪዥኑ ወጥቶ ወደ ገመዱ እንዳይሄድ መከልከል ነው። ምትክ አልያዝኩም። «ለጊዜው» ብዬ ምስሉ እንዲያልፍ ሁለቱን ጫፍ በሽቦ አገናኘሁት።

የእነዚህ አሮጌ ቴሌቪዥኖች ጠባይ አስቸጋሪ ነው። ስፒናው በአንድ በኩል ሲሰካ የውስጥ ብረታቸው ሰላም ነው። ተገልብጦ ሲሰካ ግን ብረቱ ሁሉ ኤሌክትሪክ ይይዛል። ይህን በደንብ አውቃለሁ፣ ተምሬዋለሁ። በቴስተር ካቻቢቴ ለክቼ ሰላም በሆነው በኩል ሰካሁት።

ለማንም ግን አልነገርኩም። ጥፋቴ ይቺ ናት።

ከዲሹ ጋር የተያያዘውን አሮጌ ሪሲቨር ገመድ እንዳገናኘሁ መብራት ሄደ። የጋሽ ላታሞ ባለቤት እትዬ አስቴር ሁላችንም ቤታችን የምናደርገውን አደረጉ። መብራት ሲመለስ ዕቃ እንዳያቃጥል የቤቱን ስፒና ሁሉ እየዞሩ ነቀሉ። ፍሪጁን፣ ፍላቱን፣ የስልክ ቻርጀሩን፣ እኔ የምሠራውንም። ከሩብ ሰዓት በኋላ መብራት መጣ፤ እኔ ደጅ እጄን ስታጠብ እሳቸው ሁሉንም መልሰው ሰኩ።

ስገባ ቴሌቪዥኑ በርቷል። ምስሉ ግን በነጠብጣብ ተሸፍኗል።

«ዲሹ ነው፣ ነፋሱ አዙሮት ይሆናል» አሉ ጋሽ ላታሞ። «እኔ ላዙር፣ አንቺ እያየሽ ንገሪኝ።» በነጠላ ጫማ ወጡ።

ዲሹ ጓሮ ውስጥ ባህር ዛፍ እንጨት ላይ ነው የታሰረው። ሣሩ ውሃ አዝሏል።

ከኋላ በኩል ጎንበስ ብዬ ገመዱን ሳስተካክል ክንዴ አንድ ብሎን ነካ... ነዘረኝ። እስከ ትከሻዬ። ለአፍታ ምን እንደሆነ አልገባኝም። ከዚያ ሶኬቱን አየሁ። ስፒናው ተገልብጧል።

ቴሌቪዥኑ ከሪሲቨሩ፣ ሪሲቨሩ ከዲሹ ተያይዟል። መሀል ላይ የሚከለክለው ነገር የለም። ያነሳሁት እኔ ነኝ።

«ምሕረት፣ መጣ?» አሉ ከውጭ።

ከመጮህ መንቀል ይፈጥናል። ሶኬቱ ግን ከቡፌው ጀርባ ነው፣ ካለሁበት ቢታየኝም እጄ አይደርስም። የስፒናውን ገመድ በሁለት እጄ ይዤ ባለ በሌለ ኃይሌ ጎተትኩት። ስፒናው ተነቅሎ ግድግዳውን መታ። ሮጬ ወጣሁ።

እጃቸው ዲሹ ላይ ነው። ቆመዋል። ዞረው አዩኝ።

«ጠፋ እንዴ?»

«መቼ ነው የነኩት?»

«አሁን ገና። ምነው?»

እዚያው ጭቃው ላይ ቁጭ አልኩ።

«ተበላሸ፣ ሰኞ እመለሳለሁ» ብዬ መሄድ እችል ነበር። ማንም አያውቅም። ግን አንድ ሰው ጥፋቱን እኔ ላይ ሲጥል ምን እንደሚሰማ አውቃለሁ... ሁሉንም ነገርኳቸው።

እትዬ አስቴር እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «የሰካሁት እኮ እኔ ነኝ... ጌታ ሆይ፣ እኔ ነኝ።»

«አይደሉም እትዬ። እርስዎ ሁልጊዜ የሚያደርጉትን ነው ያደረጉት። ሽቦውን ያገናኘሁት እኔ ነኝ። ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ።»

ጋሽ ላታሞ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩ። በቃ፣ ሊያባርሩኝ ነው ብዬ ተነሳሁ።

«ሰኞ ስትመጪ የጎደለውን ይዘሽ ነይ» አሉ።

እሁድን በፍርሃት አሳለፍኩት። ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያንን እጅ አያለሁ።

ሰኞ ትክክለኛዋን ካፓሲተር በየድኩ። ስፒናውን በአንዱ በኩል ሰክቼ ዲሹን በቴስተር ነካሁት፣ የቴስተሩ መብራት አልበራም። ገልብጬ ሰካሁት፣ አሁንም አልበራም። ጋሽ ላታሞ እጅጌያቸውን ሰብስበው መጡ።

«አይ አባባ፣ እኔ ልቅደም።»

«አንቺ ከተቃጠልሽ ማን ይጠግንሻል?»

አልሳቅኩም። ቴስተሩ ሰላም ነው ይላል፣ ትምህርቴም ሰላም ነው ይላል፣ እጄ ግን እምቢ አለ። በመስኮቱ እትዬ አስቴር ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ ይታየኛል።

መዳፌን ዲሹ ላይ ዘርግቼ አሳረፍኩ። ቀዝቃዛ ብረት ነው። ሌላ ምንም የለም። ቀስ ብዬ ወደ ግራ አዞርኩት።

«መጣ?» አልኩ።

«መጣ» አሉ እትዬ አስቴር፣ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።