ሁለቱ ትራክተሮችና የአባቴ ክንድ

ዛሬም ድረስ ስለዚያ ትራክተር ሳስብ ደሜ ይፈላል። በማን ላይ እንደሚፈላ ግን ቁርጡን መናገር ያቅተኛል። አንዳንድ ቀን በአባቴ ላይ ነው፣ አንዳንድ ቀን በጣሊያኖቹ። ብዙውን ጊዜ ግን በራሴ ላይ ነው፤ ምክንያቱም በዚያን ዕለት በመካከላቸው ቆሜ የሁለቱንም ቋንቋ የማውቅ እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤታችን ከቡታጅራ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ነበር። ዙሪያውን እንሰት፣ ከእንሰቱ ጀርባ ጥቂት ጫትና ጎመን፣ ከዚያ ወዲያ የጎረቤት አጥር። ያ ጓሮ አንድ ቤተሰብ አጥግቦ ያበላል፤ ሲከፋፈል ግን ለማንም አይሆንም። ታላቅ ወንድሜ አግብቶ እዚያው ጎጆ ስለወጣ፣ ለእኔ የታሰበልኝ ከከተማው በታች ወደ ቆሼ በሚወስደው ሜዳ ላይ የነበረን መሬት ነው። አባቴ ያንተ ድርሻ ያ ነው ካለኝ ጀምሮ፣ ከአዲስ አበባ በመጣሁ ቁጥር ወርጄ ዳር ዳሩን እዞረው ነበር። የታጨችልኝ ልጅ አባትም ልጃቸውን ሊሰጡኝ የተስማሙት ያን መሬት አይተው ነው እንጂ የእኔን መልክ አይተው አልነበረም።

ጣሊያን ከገባ በኋላ በሜዳው ጫፍ ሰፊ የስንዴ እርሻ ተከፈተ። ብዙም ሳይቆይ ወታደሮች በሬዎቻችንን ለሥጋ ነዱብን፣ በሚቀጥለው ክረምት መሬታችን ጦሙን አደረ። ከዚያ ደግሞ በገበያ ቀን ቡታጅራ ላይ ትእዛዝ ተነገረ። ሜዳው ላይ መሬት ያለው ሁሉ ሰኔ ሳይጋመስ ለስንዴ ካላረሰው፣ ያልታረሰው ወደ ጣሊያኖቹ እርሻ ይቀላቀላል ተባለ። በሬ የሌለው ሰው ከእርሻው አንድ ትራክተር ከነነጂው ለስድስት ቀን መውሰድ ይችላል፤ በምላሹ ከምርቱ ያካፍላል። በሬዎቻችንን የበሉት ሰዎች በሬ የላችሁም ብለው መሬታችንን ሊወስዱ ነው ማለት ነው። ለአባቴ ይህን ስነግረው፣ እንግዲህ ትራክተሩን ሄደን እንየው አለኝ።

እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። አዲስ አበባ በአንድ ጣሊያን ጋራዥ ሁለት ዓመት ሠርቻለሁ። ጎማ ከመንፋት ተነስቼ ሞተር ፈትቶ እስከ መግጠም ደርሻለሁ፤ ጣሊያንኛውንም የለመድኩት እዚያው ነው፣ ከስድቡ ጀምሬ። ስለዚህ ትራክተር መምረጥ የእኔ ሥራ ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ግን በማግስቱ ሱብሂ እንደሰገደ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ መጣ። አንዱ አጎቴ ነው። ሌላው በሬ በመምረጥ የታወቁ ጎረቤታችን ናቸው፣ ገበያ ላይ የእሳቸው እጅ ያላረፈበትን በሬ የሚገዛ ሰው አልነበረም።

እርሻው ግቢ ውስጥ ለምርጫ የቆሙት ሁለት ነበሩ። ትንሿ ባለ ብረት ጎማ ናት፤ ቁመቷ ከበቅሎ እምብዛም አይበልጥም። ከኋላዋ ሁለት ክብ የማረሻ ዲስኮች ትጎትታለች፣ ጠባብ ቦታ ላይ እጥፍ ብላ ትዞራለች፣ ነዳጅ የምትጠጣውም በቁጠባ ነው። በጎኗ ቺንጋ የሚሉት የሞተር ቀበቶ የሚጠመጠምበት መዘውር ስላላት፣ ማረስ ስትጨርስ ቆማ ወፍጮ ታዞራለች። ትልቁ በሰንሰለት የሚሄድ ነው። አንድ ግዙፍ ማረሻ መሬት ውስጥ ሰዶ የሚጎትት፣ ጉልበቱ የሚያስፈራ፣ አካሄዱ ግን የኤሊ ነበር። ሁለቱም የሚሰጡት ከአንድ በርሜል ነዳጅ ጋር ነው። ሲያልቅ አለቀ፣ ጭማሪ የለም።

ትንሿ ሥር ተንበርክኬ ገባሁ። ዘይት አታንጠባጥብም። ነጂው አስነስቶ ሲያሳየኝ ማርሿ ሳይንቋቋ ገባ። ከዚያ እንጨት አንስቼ መሬት ላይ እየጫርኩ ሒሳቡን ሠራሁ። የእኛ ሜዳ አፈሩ ከላይ ቀላል ነው፤ ከሥሩ ግን ነጭ፣ ደረቅ፣ አመድ መሳይ ነገር አለ። ስንዴ ደግሞ ሥሩን የሚሰደው ከላይ ነው። በትንሿ አንድ በርሜል ነዳጅ መሬታችንን ከዳር እስከ ዳር ያዳርሳል፣ ከስድስቱ ቀን አንዱ እንኳ ይተርፋል። በትልቁ ግማሽ ሳንደርስ ነዳጁ ያልቃል። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር በሕይወቴ አላየሁም።

ሒሳቤን የሰማ የለም። በሬ መራጩ ጎረቤታችን ሁለቱን መኪናዎች በዝግታ ዞሩ፣ ጎናቸውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ፣ የትንሿ ትከሻ አልጣመኝም አሉ። ትራክተር ትከሻ የለውም ብል ማን ሊሰማኝ። ከዚያ ሁለቱም ለሙከራ ወዳረሱት ቦታ ሄድን። አባቴ እጅጌውን ሰብስቦ ተንበረከከና ትንሿ ባረሰችው ትልም ውስጥ እጁን ሰደደ። ከአንጓው ብዙም ሳያልፍ ደረቁን ነካ። ተነስቶ ወደ ትልቁ ትልም ሄደ፤ እዚያ ክንዱ እስከ ክርኑ ገባለት። እንደተንበረከከ ቀና ብሎ አየኝ።

"ያቺኛዋ ዶሮ የጫረችው ነው" አለ።

የእኛን አገር ለማያውቅ ሰው ይህ ነገር ላይገባው ይችላል። ዳገቱ ላይ ለእንሰት መሬት የምናዘጋጀው በበሬ አይደለም። ወንዶች ጎን ለጎን ተሰልፈው፣ ሁለት ጣት ያለው ረጅም መቆፈሪያ ይዘው፣ በአንድ ድምፅ መሬቱን ከሥሩ ይገለብጡታል። በእኛ ዘንድ ሰው ሰነፍ የሚባለው ዘግይቶ ስለጨረሰ አይደለም፣ ከላይ ከላይ ስለቆፈረ ነው። ከላይ ከላይ የቆፈረ ሰው ስሙ በለቅሶ ቤት ሳይቀር ይነሳል። አባቴ በዚህ ሥራ በአካባቢው የተከበረ ነበር፤ እሱ የቆፈረው ላይ የተተከለ እንሰት ከሩቅ ይለያል ይባልለታል። ስንዴ ግን እንሰት አይደለም። ይህን አንድ ነገር እሱ ጭንቅላት ውስጥ ማስገባት ሲያቅተኝ ጊዜ ነው ንዴቱ የጀመረኝ።

"አባ፣ ስንዴ ጥልቀት አይፈልግም" አልኩት። "ጣሊያኖቹም የሚለኩት ስፋቱን ነው።"

አጎቴ ሳቀ። አዲስ አበባ የከረመ ሰው እንዲህ ነው፣ ሁሉን ነገር ከላይ ከላይ ይለምዳል አለ። ጎረቤታችንም ሳቁ። አባቴ አልሳቀም፤ መሬት ካልተገለበጠ ታርሷል አይባልም፣ እኔ በሕይወት እያለሁ ሰው አልፎ ሂያጅ የሚስቅበት እርሻ አይኖረኝም ብሎ ነገሩን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው ለራሴ ይቅር ማለት የማልችለው። የእርሻው ጸሐፊ ወረቀቱን ዘርግቶ በጣሊያንኛ የትኛውን ነው አለኝ። አባቴ አጠገቤ ቆሟል፣ አንዲት ቃል አይገባውም። ትንሿን ብል ኖሮ ወረቀቱ ላይ ትንሿ ትጻፋለች፣ አባቴ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ይፈርማል፣ ትንሿ መጥታ ሜዳውን ታዳርሳለች። ይቆጣኝ ነበር፤ ምናልባት አንድ ክረምት አያናግረኝም ነበር። ይህ ሁሉ በአንድ ጊዜ ታየኝ። ግን የአጎቴ ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበርና፣ ጣቴን ወደ ትልቁ ቀሰርኩ።

ትልቁ ትራክተር ሜዳችን ለመድረስ ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ማረስ ሲጀምር መንደርተኛው ሁሉ ከዳገቱ ወርዶ ሊያይ መጣ፤ በእርግጥም የሚታይ ነገር ነበር። ማረሻው ጥቁሩን አፈር እንደ ምንጣፍ ጠቀለለው፣ ከሥሩ ያ ነጭ አመድ እየተፈነቀለ ወጣ። ነጂው ሁለት ዙር ሳይሄድ አቁሞ ወረደና ተራገመ። ማረሻውን ከፍ እናድርገው፣ ይሄን ነጩን ማውጣት ነዳጅ ማቃጠል ነው፣ ስንዴውንም አይጠቅመውም አለኝ። እኔም ለአባቴ ነገርኩት። አባቴ ከፍ እንዳያደርግ ንገረው አለኝ። ነገርኩት። ነጂው ከፍ አደረገው። አባቴ ከኋላ እየተከተለ ክንዱን ትልሙ ውስጥ ይሰድና፣ ክርኑ ካልገባ ይጮኻል፣ እኔ እሮጣለሁ፣ ነጂው እየሰደበኝ ዝቅ ያደርገዋል። በአራት ቀን ውስጥ ይህን ስንት ጊዜ እንደሮጥኩ አላውቅም። የአንዱን ስድብ ለሌላው ሳልተረጉም ሁለቱንም የጠጣሁት እኔ ነኝ።

በሁለተኛው ቀን የሰንሰለቱ አንድ ፒን ተሰበረ፤ እሱን ስንጠግን ዋልን። በአራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰና ጸጥ አለ። በርሜሉን በእንጨት ደበደብኩት፣ ባዶ ነው። ነጂው ኮቱን ትከሻው ላይ ጣለና በእግሩ ሄደ። ትራክተሩ ሜዳው መካከል እንደቆመ ቀረ። የታረሰው አንድ አራተኛ ቢሆን ነው።

በዚያው ሰሞን ከቆሼ በኩል የሆነ፣ እህል ማረስ የለመደ የሜዳው አዋሳኛችን ትንሿን ወስዶ ነበር። በአራት ቀን ጨርሶ በአምስተኛው መዘውሯ ላይ ወፍጮ ገጥሞ እህል ሲያስፈጭ ከሩቅ ይሰማኝ ነበር። ወጥቶ ሰላምታ ሲሰጠኝ ዘግቼው አለፍኩ። ምን አድርጎኝ ነው፣ እሱ እንኳ ምንም አላደረገኝም።

የጣሊያኖቹ መሬት ለካይ እስኪመጣ ሁለት ቀን ቀርቶናል። አባቴ ደቦ ጠራ። ከዳገቱ አርባ የሚሆኑ ወንዶች ባለ ሁለት ጣት መቆፈሪያቸውን ይዘው፣ ሴቶቹ ቆጮና ጎመን ተሸክመው ወረዱ። የታጨችልኝ ልጅ አባትም ከእነሱ ጋር ነበሩ። ያን ሰልፍ ሳይ ተስፋ አደረግኩ። አርባ ሰው ከላይ ከላይ ከጫረ በሁለት ቀን ብዙ ይሸፍናል። ስለዚህ በሰልፉ ፊት ቆሜ ለመንኳቸው። አንድ ጋት ብቻ፣ አፈሩ ቀለሙን ከቀየረ ይበቃል፣ ለካዮቹ የሚያዩት ፊቱን ነው አልኳቸው። ሁሉም ሰሙኝ፣ እሺ እሺ አሉ። ከዚያ መቆፈሪያቸውን አንስተው በአንድ ድምፅ እስከ እጀታው ሰደዱት።

እየዞርኩ ጮህኩ። አንዱን እጁን ይዤ አስቆምኩት፤ ይቅርታ ጠየቀኝና ሁለት ጊዜ በስሱ ቆፈረ፣ ሦስተኛው ላይ እጁ አልታዘዝ አለው። ሰው በሞላበት፣ አማቱ በሚያዩት ቦታ፣ መሬት ፊቱን ብቻ አሽሞንሙኖ ማለፍ የሚችል አንድም ወንድ አልነበረም። ከሁሉም በጥልቀት የቆፈሩት የወደፊት አማቴ ነበሩ። ያንን ያደረጉት ለእኔ ብለው ነው፤ ልጃቸው የምትኖርበት መሬት ነውና። ለላባቸው ማመስገን ነበረብኝ፣ አመሰገንኳቸውም፤ ውስጤ ግን ማልቀስ ነበር የፈለገው። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ከትራክተሩ ትልም ቀጥሎ አንድ ቀጭን ቁራጭ ተጨምሮ ነበር። እንዲህ ያለ የሚያምር ቁፋሮ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁም።

ለካዩ በሦስተኛው ቀን መጣ። ረጅም የመለኪያ ሰንሰለት የያዘ ወጣት ጣሊያናዊ ነው፣ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ለአባቴም ባርኔጣውን አንስቷል። የታረሰውን ርዝመቱንና ወርዱን ለካ፣ አራት ችካል አስተከለ፣ ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ከዚያ ለአባትህ ንገረው አለኝ። እኔም በገዛ አፌ፣ በገዛ ቋንቋችን፣ ከችካሉ ወዲያ ያለው ከዛሬ ጀምሮ የእኛ እንዳልሆነ ለአባቴ ነገርኩት። የቀረልን ለአንድ ጎጆ መቆሚያና ለጥቂት እንሰት የሚሆን ነበር።

አባቴ ለረጅም ጊዜ ችካሉን አየው። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የጠየቀኝ።

"ጥልቀቱንስ ለካው?"

አልለካም አልኩት።

"እንግዲያው ገና አልጨረሰም፤ ንገረው።"

ለካዩ ምን አለ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። ጸሐፊው ፊት አንዲት ቃል ዋሽቼ መሬቱን ማዳን እችል ነበር፤ ያን ጊዜ አልዋሸሁም። አሁን ዋሸሁ። አባቴ እሺ ብሏል አልኩት፣ ሰውየውም ሰንሰለቱን ጠቅልሎ ወደሚቀጥለው መሬት ሄደ።